የመንገደኛው ሰርዶ

ሰኞ፣ ኅዳር 7

እርጥብ ነበር። የገረመኝም እሱ ነው። አንድ ጭብጥ ሰርዶ፣ በራሱ ሐረግ ተቋጥሮ፣ ከሁለቱ ሐዲዶች መሀል ዝርግ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጤዛው እንኳ አልረገፈም። ነፋስ አመጣው እንዳልል፣ ነፋስ ሲቋጥር አይቼ አላውቅም።

አንቺስ ሐዲድ ላይ ምን ትሠሪያለሽ ለሚለኝ፣ ጥፋቱ የዳይሬክተራችን ነው። ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣለት፤ በአቃቂና በዙሪያዋ ያሉ ጥንታዊ ቦታዎች በሙሉ በሳምንት ውስጥ ተመዝግበው ይላኩ ይላል። "ታሪክ የምታስተምሪው አንቺ ነሽ" አለና ቅጹን ጠረጴዛዬ ላይ ወርውሮልኝ ሄደ። ሳምንቱን ከክፍል ነፃ ነኝ። ከልጆቹ ጩኸት ማረፌን አልጠላሁትም።

ችኮላው ለምን እንደሆነም ገብቶኛል። አዲስ ለሚሠራው ፋብሪካ ከዋናው ሐዲድ የሚገነጠል መስመር ሊዘረጋ ነው። ቀያሾቹ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተክለው ሄደዋል። ቅጹ ላይ የገባ ቦታ ይታለፋል፤ ያልገባው ይደለደላል። ስለዚህ እኔ ብዙነሽ ተሰማ በዚህ ሳምንት በእርሳሴ ጫፍ የምምርና የምኮንን ሰው ሆኛለሁ ማለት ነው። አቤት ሥልጣን!

እስካሁን የገቡት፦
ሳሪስ አቦ፣ ከቅጥሩ ጋር የቆሙት ትልልቅ ጥዶች።
የገበያው ዋርካ። ዕድሜውን ሦስት ሽማግሌዎች ጠይቄ ሦስት ዓይነት መልስ አገኘሁ፤ ትንሽ ብቆይ ይደባደቡ ነበር።
የወንዙ አሮጌ መሻገሪያ፣ ድልድዩ ሳይሠራ ሰው በእግሩ የሚሻገርበት።

መሻገሪያውን ለማየት ብዬ ነው በሐዲዱ ዳር የወረድኩት፣ ሰርዶውንም ያገኘሁት። ገና ጎንበስ ብዬ ሳየው ከዱከም በኩል ባቡር መጣ። ዘልዬ ወረድኩ። ልክ እዚያች ቦታ ሲደርስ ረዥም ጡሩንባ ነፋ። ለእኔ መስሎኝ እጄን አወዛወዝኩለት። በኋላ ሳስበው ግን እኔ ቁልቁል ቁጥቋጦ ውስጥ ነበርኩ፤ ነጂው ሊያየኝ አይችልም። ከብት የለም፣ የሚያቋርጥ መንገድ የለም። ለማን ነው የነፋው?

ሰርዶውን መዝገቤ መሀል አድርጌ ይዤው መጣሁ። ለአባባ ራታቸውን ሳቀርብ ሾልኮ መሬት ወደቀ። አባባ አዩት። አቃቂ በሙሉ ካቦ ተሰማ የሚላቸው፣ ዕድሜያቸውን የሐዲድ ጠጋኞች አለቃ ሆነው ያሳለፉ ሰው ናቸው። አሁን እግራቸው አብጧል፤ ከአልጋ እስከ በር ለመድረስ እንኳ እኔን ይደገፋሉ። ከመስኮቱ ሥር ተኝተው የሚያልፈውን ባቡር "ዘገየ፣ ቀደመ" ሲሉ ይውላሉ። ሁለት ጉርሻ ቀምሰው እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ጨው በዛበት?" አልኳቸው።

"ጠግቤያለሁ" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬም አለ። ሌላ፣ አዲስ፣ እርጥብ። የትናንቱ እኔ ጋ ነው፣ ጠረጴዛዬ ላይ ጠውልጎ ተኝቷል፤ ስለዚህ ያው ነው ብዬ ራሴን ላታልል አልችልም።

ዙሪያውን በደንብ አየሁ። ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ገና ያልደረቀ ጥቁር መሬት ነው፤ ሰው ቢያልፍበት እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይሰምጣል፣ ዱካውም ይቀራል። ከእኔ ጫማ በቀር ዱካ የለም። ሰርዶ የሚበቅለው ደግሞ ወንዙ ዳር ብቻ ነው። በሐዲዱ ላይ እየተራመደ መጥቶ ይሆናል አልኩ። እሺ፣ በሐዲዱ ላይ መጣ። ማን?

ከቀይ ችካሎቹ ሁለቱ ከዚያች ቦታ አጠገብ ናቸው። አንዱ ዘሟል።

ጣቢያ ሄጄ ቲኬት ቆራጩን መኮንንን ጠየቅኩት። መኮንን እኔን ባየ ቁጥር ቆቡን ያስተካክላል።

"ብዙዬ፣ አንቺ ከሰው ይልቅ ድንጋይ ነው የምትወጂው" አለኝ።

"ድንጋይ አይለፈልፍም" አልኩት።

ሰርዶውን ስነግረው "የባላገሩ ሥራ ነዋ! ከወንዙ ማዶ ያሉት ልማድ ነው" አለ፣ ሁሉን እንደሚያውቅ ሰው። ጡሩንባውን ግን አላወቀም። ደግነቱ የዕቃ ባቡር ቆሞ ነበርና ነጂውን ጠራልኝ። ነጂው ወፍራም፣ የተረጋጋ ሰው ነው።

"ከእኔ በፊት የነበረው እዚያ ቦታ ይነፋ ነበር፤ እኔም እነፋለሁ" አለ።

"ለምን እንደሆነ አልጠየቁትም?"

"ጠየቅኩት እንጂ። እሱም ከእሱ በፊት ከነበረው ነው ያየው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንድ ቀን ረስቼ ሳልነፋ አለፍኩ። እስከ ለገሃር ድረስ ሰው ከኋላዬ የቆመ እየመሰለኝ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ረስቼ አላውቅም።"

መኮንን ሳቀ። ነጂው አልሳቀም።

ቤት ስገባ አባባ "ዛሬስ ወዴት ዋልሽ?" አሉኝ።

"ከድልድዩ ወዲህ፣ ሐዲዱ ወደሚታጠፍበት።"

"እዚያ ምንም የለም።" አፌን የሚዘጉ ያህል ቶሎ ነው ያሉት። "ዕድሜዬን የሠራሁበት ነው፤ ምንም የለም አልኩሽ።"

እኔ አለ አላልኩም ነበር እኮ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

የማን ልጅ ነሽ? የማን ልጅ ነሽ? ዛሬ ይህን ሲጠይቁኝ ዋሉ።

ወንዙን ተሻግሬ በቂሊንጦ በኩል ወዳለው መንደር ሄድኩ። ጤፍ አጨዳ ላይ ናቸው። መጀመሪያ ሁሉም ፈገግታ ነበር፤ አስተማሪ መሆኔን ሲሰሙ እንዲያውም ልጆቻቸውን ይከሱልኝ ጀመር። አንዲት ሴት በቅል ውሃ ይዛልኝ መጣች።

"የማን ልጅ ነሽ?" አለችኝ።

"የካቦ ተሰማ።"

ማጭዶቹ ቆሙ። ሴትዮዋ ለእኔ ያመጣችውን ውሃ ራሷ ጠጣችው፤ ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ። እንዲህ ተደርጌ አላውቅም። አፈርኩ፣ ምን እንዳደረግኩ ግን አላውቅም።

ከሁሉም የሚበልጡት ሽማግሌ ኦቦ ዲንሳ ይባላሉ። ነዶ ላይ እንደተቀመጡ በእጃቸው ጠሩኝ። የሰርዶውን ነገር አንሥቼ፣ ልማዳችሁ ነው ብለውኛል፣ ቅጹ ላይ ላስገባላችሁ ነው አልኳቸው።

"እኛ አይደለንም" አሉ።

"ታዲያ ማን ነው?"

"እናንተ ናችሁ እንጂ፣ የባቡር ሰዎች። እኛማ ድንጋዩ ከተነሣ ጀምሮ በዚያ አናልፍም። ገበያ ስንሄድም በላይኛው በኩል ዞረን ነው።"

የምኑ ድንጋይ ብዬ ጠየቅኩ፤ ነገሩኝ። በአያቶቻቸው አያቶች ዘመን አንድ መንገደኛ መሻገሪያው ላይ ታሞ ሞተ። ስሙን የሚያውቅ የለም፣ አገሩን የሚያውቅ የለም። የመንደሩ ሰው ቀበረውና ሕግ አወጣ፤ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ አንድ ድንጋይ ይጨምርለታል፣ እርጥብ ሰርዶ ቆርጦ ያኖርለታል። ዘመድ ስለሌለው ያለፈ ሁሉ ዘመዱ ይሆናል። ወገኖቹ ፍለጋ ቢመጡም ክምሩን ከሩቅ ያዩታል። ድንጋዩ እየጨመረ ሄዶ ከሰው ቁመት በለጠ። ሐዲዱ ሲመጣ እንኳ በአጠገቡ አለፈ እንጂ አልነካውም።

"አሁን የት አለ?"

ኦቦ ዲንሳ ከመሬት ገለባ አንሥተው በጣታቸው ሰበሩት። "አባትሽን ጠይቂ" አሉኝ። "በሕይወት አለ አይደል?"

"አሉ።"

"እንግዲያው ጠይቂው። ፍጠኚ።"

ስመለስ ቀትር ሆኗል። ሴቶቹ በቀትር በዚያ አትለፊ ብለውኝ ነበር፤ ስቄባቸዋለሁ። የታሪክ አስተማሪን ጋኔን አይደፍራትም! ሐዲዱ ጋ ስደርስ ወፉ ሁሉ ጸጥ ብሏል። ሰርዶው በቦታው አለ፤ በዚያ ፀሐይ አልጠወለገም። ያኔ ነው የሰማሁት። ብረቱ ላይ፣ በመዶሻ እንደሚመታ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ዝም። ወደ ግራ አየሁ፣ ወደ ቀኝ አየሁ፤ ሐዲዱ ዓይኔ እስከሚደርስበት ባዶ ነው።

ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥም ይጮሃል። ይህን የአምስተኛ ክፍል ልጅ ያውቃል። ግን ቆጥሮ አይጮህም። እንደገና መጣ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ እኔ አላውቅም። የግራ ጫማዬ ተረከዝ የለም። የሮጥኩት ደግሞ በጣቢያው ፊት ለፊት ነው፤ ለመኮንን ምን እንደምለው እግዜር ይወቅ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

ጠዋት ሻያቸውን ሰጥቼ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ የመንገደኛው ክምር የት ሄደ?"

ሻያቸውን ሳይጠጡ ብርጭቆውን ዘረጉልኝ። ተቀበልኳቸው።

"ማን ነገረሽ?"

"ኦቦ ዲንሳ።"

"ዲንሳ? አለ እንዴ?" አሉ፤ የሞተ ዘመድ ተነሣ የተባሉ ያህል። ለካስ ከሠራተኞቻቸው አንዱ ነበሩ።

ከዚያ ነገሩኝ። እኔ ገና ሕፃን እያለሁ፣ አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሐዲዱ ያረፈበትን አፈር ጠርጎ ወሰደው። ሐዲዱ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ሰው የሞላው ባቡር ደግሞ ከናዝሬት ተነሥቶ እየመጣ ነው። ለእንዲህ ያለ ቀን ተብሎ በየቦታው ከሐዲዱ ዳር የሚከመር መጠባበቂያ ድንጋይ ነበረ። "ክምሩን አየሁት፤ የኛ መጠባበቂያ መሰለኝ። አንሡ አልኩ" አሉ። አነሡ፣ በመዶሻ ሰባበሩ፣ ሞሉ። ሐዲዱን ከወንዙ ትንሽ ገፋ አድርገው አዲሱ ድልድል ላይ አሳረፉት። ባቡሩ በሰዓቱ አለፈ። ከአልጋቸው በላይ የተሰቀለው የኪስ ሰዓት ለዚያ ቀን የተሰጣቸው ሽልማት ነው። ልጅ ሆኜ እንዳልነካው እጄን ይመቱኝ ነበር።

"ከክምሩ ሥርስ?" አልኳቸው።

"ከሥሩማ እሱ ነበር። ጉልበቱን አጥፎ፣ በጎኑ። ባቡሩ እየተሰማን ነው፤ አፈር መለስንበት። አሁን ከሐዲዱ ሥር ነው ያለው፣ ልጄ። በየቀኑ በላዩ ይሄዱበታል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ጠዋት ጠዋት ሐዲዱን ሊፈትሹ ሲወጡ፣ ሰርዶ ቋጥረው ያኖሩለት ነበር። የያኔዎቹ ነጂዎች አባባን እዚያ ቆመው ሲያዩዋቸው ሰላም ለማለት ጡሩንባ ይነፉላቸው ነበር። ጡሩንባው ለካስ የአባቴ ነው!

"በመዶሻዬም ሐዲዱን ሦስት ጊዜ እመታለታለሁ" አሉ። "ወንድሜ፣ አለሁ፣ አልረሳሁህም ማለቴ ነው።"

የትናንቱን ድምፅ ለማንም አልነገርኩም፤ ለእሳቸውም አልነገርኩም።

"እግሬ ከያዘኝ ሁለት ክረምት ሆነው" አሉና እንባቸው መጣ። "ሁለት ክረምት ሙሉ ማንም አላኖረለትም።"

"አባባ፣ ሰርዶ አለ" አልኩ። "ሰኞም ነበር። ማክሰኞም፣ ትናንትም።"

እንባቸው ቆመ። "ማን ነው የሚያኖረው?"

"አላውቅም።"

"እስኪ አምጪልኝ።"

የሰኞውን፣ የደረቀውን ሰጠኋቸው። መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። ሐረጉ ሁለት ጊዜ ዞሮ በሥር በኩል ተስቦ ወጥቷል። ወደ እኔ መለሱልኝና ቀስ ብለው፣ "ይህ የእኔ አስተሳሰር ነው" አሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ልይዘው ቆርጬ ነው የሄድኩት። ሰውም ይሁን ሌላ፣ ሲያኖር አየዋለሁ አልኩ።

ገና ሲነጋጋ ደረስኩ። ዝርጉ ድንጋይ ባዶ ነው። እሰይ፣ ቀድሜዋለሁ! ከዘመመው ችካል አጠገብ ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ከወንዙ የተነሣው ጭጋግ ሐዲዱ ጋ ሲደርስ ቆሟል። ዓይኔን ከድንጋዩ ላይ አላነሣሁም። በረደኝ፣ ፈራሁ፣ ደግሞ በራሴ ሳቅሁ። ዲፕሎማ ያላት ሴት ጭጋግ ውስጥ ተቀምጣ ሣር ትጠብቃለች።

ባቡሩ መጣ። ነጂው ነፋ። የባቡሩ ፎርጎዎች በፊቴ አለፉ፣ አለፉ፣ አለፉ። የመጨረሻው ሲያልፍ ሰርዶው ድንጋዩ ላይ ነበር።

እንደተፈጠረ ልጻፈው። ሐዲዱን ተሻግሬ በማዶ በኩል አየሁ፤ ጭጋጉ በዚያ ወገን ገና አልደረሰም፣ የታጨደ ጤፍ እርሻ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ገላጣ ነው። አንድም ሰው የለም። ሰርዶውን በጣቴ ነካሁት። እርጥብ ነው። ጠብታው ጣቴ ላይ ቀረ።

ዛሬ አላነሣሁትም።

ቤት ገብቼ ቅጹን ዘረጋሁ። የቦታው ስም፦ የመንገደኛው ክምር። ያለበት ሁኔታ፦ ድንጋዩ ተነሥቷል፣ ዐፅሙ ከሐዲዱ ሥር ነው። ቀጥሎ ያለው ዓምድ፦ ጉዳቱን ያደረሰው። "ያልታወቀ" ብዬ ጻፍኩ። በላጲስ አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩት። ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ ስጽፍ ሳጠፋ ዋልኩ።

እዚህ ለራሴ እውነቱን ልናገር። ተናድጃለሁ። አቃቂ ውስጥ የካቦ ተሰማ ልጅ ተብዬ ነው አንገቴን ቀና አድርጌ የኖርኩት። ስማቸውን ብጽፍ ሰኞ ዳይሬክተሩ ያነበዋል፣ ማክሰኞ ከተማው ይሰማዋል፤ አልጋ ላይ ያሉ ሰው ናቸው፣ ይህን ሰምተው ይሞቱብኛል። ባልጽፍ ደግሞ ያለ ምስክር የቀረ ቦታ ማን ይምረዋል? ቅጹ ላይ ጎዶሎ ያለበት አይታይም ተብለናል፤ ቦታው ይደለደላል። ያ ሰው ሁለተኛ ሐዲድ ይጨመርበታል።

አባባ ከአልጋቸው ሆነው ላጲሱን ሲሰሙ ኖሯል።

"ብዙዬ፣ ተይው" አሉ። "ነገ ወስደሽ አሳዪኝ።"

"በዚህ እግርዎ?"

"በጋሪ። ዲንሳም ይምጣ። አደራ፣ ጥሪልኝ።"

ከሰዓት በኋላ ወንዙን ተሻግሬ ነገርኳቸው። ኦቦ ዲንሳ እሺም እምቢም አላሉም። ረቡዕ የነፈገችኝን ውሃ ግን ያቺው ሴት ሰጠችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው። በየደጁ ቆሻሻው ተከምሮ ይነዳል፤ አቃቂ በሙሉ ጭስ ውስጥ ናት። ጋሪው ውስጥ አባባን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ዓይናችን እያነባ ሄድን። መዶሻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል፣ ሰዓቱን ደግሞ ደረት ኪሳቸው ውስጥ።

ጋሪው ሐዲዱ ድረስ አይገባም። ኦቦ ዲንሳ ከጭሱ ውስጥ ብቅ ሲሉ ክው አልኩ። የአባባን ሌላውን ክንድ ያዙ፤ ለሁለት ደግፈን አደረስናቸው።

ድንጋዩ ባዶ ነበር።

አባባ አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። "ለማጽናናት ነበር እንዴ?" አሉኝ።

"በማርያም! ትናንት እዚሁ ነበር" አልኩ። እንደ ልጅ ድምፄ ተሰበረ።

"ልጅቷ አልዋሸችም" አሉ ኦቦ ዲንሳ። "ዛሬ ባለቤቶቹ መጥተናላ።"

አባባ ሐዲዱ ላይ ተቀመጡ። "ዲንሳ፣ ለልጄ ያልነገርኳት አለ" አሉ። "የኛ መጠባበቂያ መሰለኝ አልኳት። አልመሰለኝም። አንተ 'ካቦ፣ ይህ የሰው መቃብር ነው' ብለኸኛል። ሰምቼሃለሁ።"

"ሰምተሃል። 'አፍህን ዝጋና አንሣ' አልከኝ።"

"ባቡሩም ቢሆን ሊቆም ይችል ነበር። ቀዩ ባንዲራ በእጄ ነበር። ከቃሊቲ ጠጠር እስኪመጣ ግማሽ ቀን መጠበቅ ነው።" አባባ ወደ እኔ ዞሩ። "በእኔ ክልል ባቡር ዘግይቶ አያውቅም ነበር፣ ብዙዬ። ለእሱ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

የሰኞውም የሐሙሱም አባቴ ሌላ ሰው፣ ይህ ሌላ ሰው ሆኑብኝ። ደግሞ የዚያን ያህል ወደድኳቸው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ኦቦ ዲንሳም "የመጀመሪያውን ድንጋይ ያነሣሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ሰዎቼ ያንተን ስም እንጂ የእኔን አያውቁም። ይኸው እስካሁን አልነገርኳቸውም። ባንተ ስም ተሸሽጌ አረጀሁ።"

አባባ ሰዓቱን አውጥተው ዘረጉላቸው። ኦቦ ዲንሳ የአባባን መዳፍ በሰዓቱ ላይ መልሰው ዘጉት። "ጊዜውን አውቀዋለሁ፣ ካቦ። ያንተው ይሁን።" ከጋቢያቸው ሥር እርጥብ ሰርዶ አወጡ። አባባ ቋጠሩት፤ ሁለት ጊዜ አዙረው፣ በሥር በኩል ስበው። አብረው ዝርጉ ድንጋይ ላይ አኖሩት።

ከዚያ አባባ መዶሻውን አንሥተው ሐዲዱን መቱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ጠበቅን። ጭሱ ብቻ ይሄዳል። ከድልድዩ በኩል፣ ምንም ከማይታይበት፣ ብረቱ መለሰ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ኦቦ ዲንሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ሁለቱንም በእጄ ያዝኳቸው፤ እነሱን ለመደገፍ ይሁን እነሱ እንዲደግፉኝ እንጃ።

ከሐዲዱ ዳር፣ ከችካሉ አጠገብ፣ እያንዳንዳችን አንድ ድንጋይ አኖርን። ሦስት ድንጋይ ክምር አይባልም፤ ጅምር ነው። ጋሪው ላይ ስናወጣቸው አባባ "ስሜን ጻፊ" አሉኝ። ኦቦ ዲንሳ ከኋላችን "የእኔንም" አሉ።

ቤት ገብቼ ጻፍኩት። ሁለቱንም፣ በቀለም። ወረቀቱ ሳስቶ ስለነበር ቀለሙ ወደ ጀርባው አለፈ።

እሑድ፣ ኅዳር 13

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቻዬን ወረድኩ። ጭሱ ጠርቷል፣ ሰማዩ ንጹሕ ነው። ከወንዙ ማዶ ሴቶች በታችኛው መንገድ ሲመጡ አየሁ፤ ኦቦ ዲንሳ ለሰዎቻቸው ነግረው ይሆን? ሩቅ ስለነበሩ ወደዚህ ይታጠፉ ወይ ወደ ገበያው ይለፉ አላወቅኩም።

የትናንቱ ሰርዶ በቦታው ነው። ጠውልጓል፤ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። አዲስ የለም።

ባቡሩ እስኪመጣ ጠበቅኩ። መጣ፣ ነጂው ነፋ፣ የመጨረሻው ፎርጎ አለፈ። ድንጋዩ ላይ ያው የጠወለገው ብቻ ነው። ጆሮዬን ሐዲዱ ላይ አደረግኩ። ባቡሩ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ፤ ከዚያ ምንም። ብረቱ ብረት ብቻ ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ በመጀመሪያ ደስ ብሎኝም ነበር። እፎይ ብዬ ልሄድ ተነሣሁ። አሥር እርምጃ ሄጄ ግን ቆምኩ። ሁለት ክረምት ሙሉ ባባቴ ፋንታ ሲያኖር የነበረው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አሁን ትቶታል። አባባ አይችሉም። ኦቦ ዲንሳም በየቀኑ ያን መንገድ አይችሉትም። ታዲያ ነገ ማን ሊያኖር ነው?

ወንዙ ዳር ወረድኩ። ሰርዶ ስቆርጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጣቴን ቆረጠኝ። ሁለት ጊዜ አዙሬ በሥር በኩል ሳብኩት፤ ሁለቴ ተፈታብኝ፣ በሦስተኛው ያዘ። አኖርኩት። መዶሻ ስላልያዝኩ በድንጋይ ሐዲዱን ሦስት ጊዜ መታሁ። ምን እንደሚባል አላውቅምና "አለሁ" ብቻ አልኩ። ፊቴን ስመልስ ፈርቼ ነበር። አልሮጥኩም ግን።

ቅጹ ታሽጎ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ነገ ይሄዳል። ችካሎቹ ይነሡ አይነሡ የአውራጃው ሰዎች ያውቃሉ።

ስገባ አባባ ነቅተው መስኮቱን ያያሉ። ሰዓቱን አልሞሉትም፤ ቆሟል።

"ዛሬስ ነበረ?" አሉኝ።

"አለ" አልኳቸው።

"እርጥብ ነው?"

"እርጥብ ነው፣ አባባ።"

ጣቴን አዩት፣ ደሙን። የጠዋቱ ባቡር እንደዘገየ ነገሩኝና፣ "ይዘግይ" ብለው ተኙ።